ከጂፑ የወረደው ዕቃ

በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ሸዋ ሮቢት ጤና ጣቢያ በነርስነት ስመደብ እናቴ አንድ ጠርሙስ ጸበልና በጨርቅ የተጠቀለለች የእመቤታችን ሥዕል አስይዛ፣ «ቆላ ሰው ይበላል፤ ተጠንቀቂ» ብላ ከጎጃም ሸኘችኝ። ወባውን ማለቷ ነበር። እኔ ግን ከወባው በፊት የፈራሁት ወንዙን ነው።

ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ወንዝ የሚሞላበት አገር ከዚያ በፊት አላየሁም። ዝናቡ የሚወርደው ላይ፣ ከደብረ ሲና በላይ ካለው ተራራ ነው። እኛ ታች ፀሐይ ያነደናል፤ ገበያው ማሾውን ይሸምታል፣ የሮቢ ወንዝ ድንጋዩን አስጥቶ ተኝቷል። ድንገት ከላይ እንደ ከብት መንጋ የሚያጓራ ድምፅ ይመጣል። ደራሽ ነው። የአገሩ ሰው «ሰምቶ የሮጠ ይተርፋል፤ ሰምቶ ዞሮ ያየ አይተርፍም» ይላል። ይህን ሲሉ ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም።

ከጤና ጣቢያው አጥር ማዶ፣ በየመንደሩ የወባ መድኃኒት የሚያስረጭ አንድ ፈረንጅ ይኖር ነበር። አገሩ ከባሕር ማዶ ነው። ሰዉ ሁሉ «ሙሴ» ይለዋል፤ እኔም እንደዚያው። ጤና ጣቢያው የራሱ መኪና ስላልነበረው ምጥ የጠናባት ወይም እባብ የነደፈው ሰው ሲኖር በጂፑ የሚያወጣልን እሱ ነበር። አንድም ቀን «ዛሬ ደክሞኛል» ሲል አልሰማሁም።

ያቺ ጂፕ መጀመሪያ ስትመጣ እንደማንኛዋም ጂፕ ነበረች። እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ሙሴ ከሥሯ ተጋድሞ እግሩ ብቻ ወጥቶ አየዋለሁ። በመጀመሪያ ከተገለበጠ የጭነት መኪና ላይ ባሌስትራ አስፈትቶ በራሷ ባሌስትራ ላይ ደረበላት። መኪናዋ ከመሬት ብድግ አለች፤ እኔም ቀሚሴን ሰብስቤ በበርጩማ የምወጣ ሆንኩ። ቀጥሎ ደግሞ ሞተሩ ውሃ እንዳይውጥ ብሎ አየር የምትስብበትን ቧንቧ ከመስታወቱ ጎን እስከ ጣሪያዋ ድረስ አቆመው። የገበያ ቀን በከተማው መሐል ሲያልፍ ሴቶቹ አለቁ በሳቅ።

«ኧረ ይቺ መኪና ጋያ ማጨስ ጀመረች!»

«ሙሴ፣ ትንባሆዋን እኛ እንሙላላት?»

እሱም እየሳቀ እጁን ያውለበልብላቸዋል። ሳቁ ግን ብዙ አይቆይም። ከገበያው ጫፍ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ አንድ ቀን ቧንቧውን ትክ ብለው አይተው፣ «ወንዝ የማይፈራ ነገር ሠራ በሉኛ» ብለው ምራቃቸውን ዋጡ። ያ አባባላቸው ቀኑን ሙሉ ከልቤ አልወጣም።

ከዚያ ዕቃው ይከመር ጀመር። ሁለት ትርፍ ጎማ፣ አሸዋ ላይ ከጎማ ሥር የሚነጠፍ ወፍራም ብረት፣ የነዳጅና የውሃ ጀሪካን፣ ሰንሰለት፣ መፍቻ የሞላ የብረት ሣጥን። ከአገሩ የሚያዝዘው መለዋወጫ በመርከብ አሰብ እስኪደርስ ወራት ይፈጃል። መኪናዋ ውስጥ እየጠበበ የሄደውን ቦታ እያየሁ አንድ ቀን፣

«ሙሴ፣ ይሄ ሁሉ ለምን ይሆናል?» አልኩት።

«ሲስተር፣ መኪናዬ በረሃ ላይ ብትቆም እዚህ አገር ማን አለኝ?» አለኝ።

ዘመድ የሌለው ሰው ዕቃ ያበዛል። እኔስ ብሆን፣ ጸበሉ ካለቀ በኋላ ባዶውን ጠርሙስ ከራስጌዬ አላነሳሁትም ነበር።

ለበሽተኛ ብሎ ከኋላ በአንድ ወገን ቃሬዛ አስገባ። መንገዱ እንዳያንገጫግጨው አራቱን እግር ከመኪናዋ ወለል ጋር በብሎን ጠፍሮ አሰረው። ከቃሬዛው ጎን እኔ የምቀመጥበት አንዲት ቁራጭ ቦታ ተረፈች፤ የቀረው ሁሉ ዕቃ ነው፣ ከሹፌሩ አጠገብ ያለው ወንበር እንኳ ሳይቀር። የከተማው ሰው መኪናዋን «ጎተራው» ብሎ ስም አወጣላት።

በአንድ ክረምት በዚህች ጎተራ ከወንዙ ማዶ አንዲት ወላድ ልናመጣ ሄደን ነበር። ቤተሰቦቿ መኪናዋን ዞረው ዞረው አዩና «አንሰጥም» አሉ። ለመንን፣ ተቆጣን፣ ተመለስን። ሴትዮዋ በማግስቱ ተቀበረች። ለምን እንደከለከሉን የነገረኝ አልነበረም፤ በጤና ጣቢያው «ባላገር ነው፣ አይገባውም» ተብሎ ታለፈ።

በዓመቱ፣ ፍልሰታ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ከቀትር በኋላ አንድ ጎልማሳ ላቡ እየተንጠፈጠፈ ከደጃችን ደረሰ። የወንድሙ ሚስት አምጣ አምጣ አቅቷታል። መንደራቸው ያው ከወንዙ ማዶ ነው፤ የእስላም መንደር፣ ካለፈው ዓመቱ ብዙም የማይርቅ። ሙሴ ማስረጨቱን ትቶ መጣ። ወንዙን በደረቁ ተሻገርን። መሐሉ ላይ ከቁርጭምጭሚት የማያልፍ ውሃ ብቻ ነበር። ቀና ብዬ ወደ ደጋው ባይ ግን የተራራው ጫፍ የለም፤ ጥቁር ነገር ውጦታል።

ሴትዮዋ ልጅ እግር ናት፤ የመጀመሪያዋ ነው። ሆዷን ዳበስኩት፤ ፅንሱ ተጋድሟል። የእንጨት መስሚያዬን ሆዷ ላይ አድርጌ ጆሮዬን ደገንኩ። የልጁ ልብ ትክ ትክ ይላል። እንዲህ ያለውን እኔ ላዋልድ አልችልም፤ ከተማ አውጥተን ከዚያ በአውራ ጎዳናው ወደ ደብረ ብርሃን፣ ወደ ሆስፒታል መውሰድ ነው። ፈጥነን ከሄድን ሁለቱም ይተርፋሉ። ይህንኑ ለባሏ እናት ነገርኳቸው። ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ ሴት ነበሩ፤ ወጥተው መኪናዋን አዩና ተመለሱ።

«ልጅቱን አንሰጥም» አሉ።

«እማማ፣ እዚህ ከቆየች ትሞትብዎታለች።»

«አትሄድም አላልኩም። ለብቻዋ አትሄድም ነው ያልኩሽ።»

«ለብቻዋ አይደለችም፤ እኔ አለሁላት።»

«አንቺማ አለሽ፣ አላህ ይስጥሽ። ግን የኔ ልጅ፣ መንገድ ላይ ነፍሷ ብትወጣ ‹ላ ኢላሃ ኢለላህ› አስብለሽ ሸሃዳ ታስይዣታለሽ?»

እኔ እንኳ በዚያ ቆላ በየሌሊቱ የምፈራው ሞቱን አልነበረም፤ ያለ ንስሐ አባት፣ ያለ ቁርባን፣ «ማረኝ» የሚልልኝ ሰው ከአጠገቤ ሳይኖር መሞቱን ነበር። ያለፈው ዓመት ሰዎችም መኪናዋን ዞረው የፈለጉት አንድ ዘመድ የሚቀመጥበት ቦታ እንደነበር ያኔ ነው የገባኝ።

«ማን ማን ይሂድ?» አልኩ።

«እኔ፣ ባሏ፣ ወንድሙ።»

«ወንድሙ ደግሞ ለምን?»

«እኔን ይያዘኛ! መኪና ላይ ወጥቼ አላውቅ፤ ብወድቅስ?»

ከምጡ አልጋ ላይ ልጅቱ እንኳ ፈገግ ያለች መሰለኝ። ወጥቼ ለሙሴ ነገርኩት።

«ሦስት ሰው?» አለ። «የት ነው የማስቀምጠው?»

«ዕቃው ባለበት።»

«ሲስተር፣ ያለ ትርፍ ጎማ ይሄን ወንዝ የሚገባ ሰው ዕብድ ነው።»

«ያለነሱ ደግሞ አትወጣም ሙሴ። እዚሁ ትሞታለች። አምና ያየነው ነው።»

ወደ ተራራው አየ፣ ወደ ቤቱ አየ። ፊቱ ላይ የነበረውን ነገር አልረሳውም፤ ልብሱን አውልቅ እንደተባለ ሰው ነበር። ባልየው ጠጋ ብሎ፣ «ሙሴ፣ ወላሂ አንዲት ነገር አይነካብህም። ጎረቤት እንደ አማና፣ እንደ አደራ ይጠብቅልሃል» አለው። ሙሴ ማውረድ ጀመረ። ጀሪካኑን፣ ብረቱን፣ ሰንሰለቱን፣ አንዱን ጎማ። ሁለተኛውን ጎማ አወረደና መልሶ ጫነው፤ የልጅቱ ጩኸት ከውስጥ ሲሰማ እንደገና አወረደው። በመጨረሻ የመፍቻውን ሣጥን። ዕቃው ግቢው መሐል ተቆልሎ ሳየው የሆነ ቤት የፈረሰ መሰለኝ። እማማ «ቢስሚላህ» ብለው ወጡ።

ዕቃዋ የወረደላት መኪና በጠንካራው ባሌስትራዋ እንደ ፍየል ትዘል ጀመር። ልጅቱ በየዝላዩ ታቃስታለች፤ እማማ ጭንቅላቷን በጉልበታቸው ይዘዋል። ማሽላው ጸጥ ብሏል። ነፋስ የለም፣ ወፍ የለም። ከወንዙ አፋፍ ስንደርስ ሁለት እረኞች ግመሎቻቸውን ከወንዙ ውስጥ እየነዱ ያስወጣሉ፤ አንደኛው እጁን አንስቶ የሆነ ነገር ጮኸልን። በሞተሩ ድምፅ አልሰማነውም። ሙሴ ገባ።

ከመሐል ጥቂት አለፍ ብለን ሳለ ጠመንጃ የተተኮሰ የሚመስል ድምፅ ጮኸ። የፊት ጎማው ነው፤ ስለታም ድንጋይ ሰንጥቆታል። መኪናዋ ወደ አንድ ወገን አዘነበለችና አፍንጫዋን አሸዋው ውስጥ ቀበረች። ሙሴ ማርሽ ለዋወጠ፤ ጎማዎቹ ባዶ ዞሩ፣ ይበልጥ ሰመጠች። ሞተሩን አጠፋ።

ሞተሩ ሲጠፋ ያኛውን ድምፅ ሰማነው።

ሩቅ ነበር፤ ከብት ነው ማለት ይቻል ነበር። ሙሴ ዞሮ ትርፍ ጎማው ይቀመጥበት የነበረውን ቦታ አየ። እዚያ የተቀመጡት እማማ ናቸው።

«ደራሽ! ደራሽ መጣ!» አለ የባልየው ወንድም እየዘለለ ሲወርድ።

ሁላችንም ወደ ቃሬዛው ተረባረብን። አራቱ ብሎን። ሙሴ እጁን ወደ ሣጥኑ ሰደደ፤ ሣጥኑ የለም። በጣቱ ሊያዞር ሞከረ፣ ባልየው በድንጋይ ይቀጠቅጠው ጀመር፣ ብረቱ ንቅንቅ አላለም። ድምፁ ቀረበ።

«ተዉት ብረቱን!» አሉ እማማ። «እሱን ስትቀጠቅጡ ውሃ ሊበላችሁ ነው? ጋቢ! ጋቢውን አንጥፉት!»

የባልየውን ጋቢ ከሥሯ አሾልከን አራታችን አራቱን ጫፍ ያዝን፤ ባልየው፣ ወንድሙ፣ ሙሴና እኔ። እማማ ከራስጌዋ ሆነው እጃቸውን ግንባሯ ላይ አድርገው «ላ ኢላሃ ኢለላህ በይ፣ በይ ልጄ» እያሉ የኋሊት ይሄዳሉ። እኔም «እመቤቴ፣ እመቤቴ» እላለሁ። ሁለታችንም ድምፃችንን አልቀነስንም። ድንጋዩ ያሟልጫል፤ ሙሴ አንዴ በጉልበቱ ወደቀ፣ ጋቢውን ግን አልለቀቀም። ዞሬ አላየሁም። አፋፉ ላይ ስንወጣ መሬቱ ከእግራችን ሥር ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከዚያ ዞርኩ። ውሃ አይባልም፤ ግንድና አፈር ቆሞ ሲሄድ ነው። ጎማዎቿን ዋጠ፣ በሯን ዋጠ። ትንሽ ጊዜ ያ ቧንቧ ብቻ ከውሃው ላይ ቆሞ ታየ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ጋደለና እሱም ሄደ። ሙሴ እንደቆመ ቀረ። እማማ ቀሚሳቸውን እየጨመቁ፣

«መኪና ነው ሙሴ፤ ይሠራል። አንተን አላህ አወጣህ» አሉት። የሰማቸውም አይመስለኝ።

መስሚያዬ በክር አንገቴ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። እዚያው አፋፉ ላይ ተንበርክኬ አዳመጥኩ። የልጁ ልብ አሁንም ይመታል፤ ግን ዘግይቶ ዘግይቶ።

እንደተሸከምናት ሄድን። ጩኸታችንን የሰሙ ገበሬዎች እየተቀባበሉን፣ ከመኪና ይልቅ እጅግ እጅግ ዘግይተን አውራ ጎዳናው ላይ ወጣን። በጀውሃ በኩል የመጣ የጭነት መኪና ቆመልን። ደብረ ሲናን አልፈን ዳገቱን ስንይዝ መስሚያዬን እንደገና ደገንኩ። አንስቼ ቦታ ቀየርኩ። እንደገና ቀየርኩ። እማማ ዓይን ዓይኔን ያዩኛል፤ መስሚያውን ከአንገቴ አውልቄ ኪሴ ከተትኩት።

ልጅቱ በሆስፒታል ሐኪሞቹ እጅ ተረፈች። ልጁ ሞቶ ወጣ፤ ወንድ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ባልየውና ወንድሙ ቀብረውት ሲመለሱ እኔና እማማ በረንዳው ላይ ተቀምጠን ነበር። የቆላ ሰው ናቸውና ብርዱ ያንዘፈዝፋቸዋል። ነጠላዬን ደረብኩላቸው።

«አንቺ ልጅ» አሉኝ መሬት መሬት እያዩ፣ «አትዋሺኝም አይደል?»

«አልዋሽዎትም እማማ።»

«የሙሴ ጎማ መኪናው ላይ ቢኖር ልጁ ይተርፍ ነበር?»

መዋሸት ኃጢአት ነው፤ እውነቱም በዚያች ሰዓት ምሕረት አልመሰለኝም።

«ከወንዙ ስንወጣ ልቡ ይመታ ነበር» አልኩ። «ግን እናንተ ባትኖሩ ልጅቱን ከወንዙ ማን ያወጣልኝ ነበር?»

«እኛ ባንኖርማ ጎማው ይኖር ነበር።»

ነጠላዬን አጥፈው መለሱልኝ፣ ሻሻቸውን አስተካከሉ፣ ግድግዳውን ተደግፈው ተነሱ።

«ነቅታለች ብለውኛል። ልጄን አምጡልኝ ትላለች» አሉ። «ሌላ ሰው እንዳይነግራት። እኔው ልንገራት።»

ገቡ፤ በሩን ከኋላቸው ዘጉት። እኔ ከበሩ ሥር ቆሜ ልቅሶ ጠበቅሁ። ፀሐይ በረንዳውን እስክትሞላው ድረስ ቆምኩ። ከውስጥ አንድም ድምፅ አልመጣም።