ስድስት ከመቶ

ድሮ የፈተና ወረቀት ከመታየቱ በፊት ይሸት ነበር። የወረቀት ማባዣው ማሽን ቀለም ሳይደርቅ ሲታደል፣ ያ ቅባት ቅባት የሚል ሽታ ከፊት ወንበር ተነስቶ እስከ ኋላ ይደርሳል። መምህሩ በዚያ ሽታ ውስጥ ተምረው፣ እዚያው ውስጥ ሲያስተምሩ ነው ጠጉራቸው የነጣው። ማባዣው ተጥሎ አዲስ ማሽን ከመጣ ቆይቷል፤ እሳቸው ግን ፈተና ባደሉ ቁጥር አንዷን ወረቀት ወደ አፍንጫቸው ጠጋ ማድረጉን አልተዉም።

ጡረታ ከወጡ ወዲህ የቀረቻቸው ከሥራ መልስ የሚማሩ ጎልማሶች ክፍል ናት። ተማሪዎቹ ሰባት ናቸው። ነገረኛው ሹፌር ከፊት ይቀመጣል፤ ከጎኑ ፀጉር አስተካካዩ። ኋላ በሩ አጠገብ የሆቴል አንሶላ የምታጥብ ሴት አለች። እጇ ከፍል ውሃና ከሳሙና ብዛት አብጦ እርሳስ እንደልብ አይጨብጥላትም። «ትምህርቱን ከጨረስኩ እንግዳ መቀበያ ያስገቡኛል፤ ከእንፋሎቱ እወጣለሁ» ብላቸው ታውቃለች። ከዚያ ሌላ ብዙ አታወራም።

ርዕሰ መምህሩ በዓመቱ መጀመሪያ ለመምህሩም ለተማሪዎቹም ነግሯቸዋል፤ የአጋማሽ ፈተና አማካዩ ከሃምሳ በታች የሆነ ክፍል ይዘጋል። መምህሩ አርመው ሲያካፍሉ አርባ ስምንት መጣባቸው። ደግመው አካፈሉ፤ ያው ነው። ወደ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ሄዱ።

«መካከለኛውን እየው እስቲ» አሉት። የድሮ ተማሪያቸው ነው። «በተርታ ስትደረድራቸው መሃል የቆመው ሃምሳ አምስት ነው። አንዷ ወረደች እንጂ ክፍሉ አልወረደም።»

«ጋሼ፣ እኔን የሚጠይቁኝ አማካዩን ነው። ያቺን አንዷን ያሰናብቷትና ይገላገሉ።»

«ፈተናው ተጋምሶ ነው የደረሰችው። የሆቴሉ አለቃዋ አልለቅም ብሏት።»

«እሱን ማን ይሰማኛል ብለው ነው?»

«ተማሪዬን በእጄ አላስወጣም።»

«እንግዲያው ሰባቱንም ያጣሉ።» ድምፁ ውስጥ ክፋት አልነበረም፤ የባሰባቸውም እሱ ነው።

በማግስቱ ክፍል ሲገቡ እውነቱን ሊነግሯቸው ነበር። ግን ጠመኔ አነሱ። የዕለቱ ትምህርት ስታትስቲክስ ነው። በእሳቸው ዘመን መጽሐፉ የበግ ክብደት ይደረድር ነበር፤ እሳቸው ግን የተማሪውን ቁመት፣ የጫማውን ቁጥር ሰሌዳ ላይ ማስፈር ይወዳሉ፤ ሰው የራሱን ቁጥር እያየ አያንቀላፋም ባይ ናቸው። እጃቸው እንደለመደው ሄደና የፈተናውን ውጤት ጻፈ፣ ያለ ስም፦ 62፣ 58፣ 55፣ 55፣ 51፣ 49፣ 6።

«አማካይ ማለት ሁሉን ደምሮ ለሁሉም እኩል ማካፈል ነው» አሉ።

«ገባኝ» አለ ሹፌሩ። «እኔና አለቃዬ በአማካይ አንድ አንድ መኪና አለን። ሁለቱንም የያዘው እሱ ነው።»

ሳቁ። ድምሩ ሦስት መቶ ሠላሳ ስድስት፤ ለሰባት ሲካፈል አርባ ስምንት። ሳቁ ጠፋ።

«ተዘጋን ማለት ነዋ» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

መምህሩ ወደ መካከለኛው ተጣደፉ። አራተኛው ቁጥር ሃምሳ አምስት። ደጋግሞ የመጣውም ሃምሳ አምስት። ከትልቁ ትንሹ ሲቀነስ ደግሞ ስፋቱ ሃምሳ ስድስት።

«ይቺ ስድስት ውጤት ናት ወይስ የአውቶቡስ ቁጥር?» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«እሷ ባትኖርስ ጋሼ፣ ስንት ይመጣል?» አለ ሹፌሩ። የማን እንደሆነች አላወቀም፤ ነገር ፈልጎም አይደለም።

ማለፍ ይችሉ ነበር። ነገር ግን በዕድሜያቸው የተማሪ ጥያቄ ረግጠው አልፈው አያውቁም። «ማን ይሠራዋል?» አሉ።

ከኋላ አንድ ያበጠ እጅ ወጣ። አጣቢዋ ናት፤ ከመጣች ጀምሮ እጇን አውጥታ አታውቅም። ወደ ሰሌዳው መጥታ ጠመኔውን እንደ ማንኪያ በመዳፏ ጨበጠችው። ከሦስት መቶ ሠላሳ ስድስት ላይ ስድስት ቀነሰች። ለስድስት ሰው አካፈለች። ቀስ ብላ፣ ቁጥሮቿ እየተንጋደዱ፣ 55 ብላ ጻፈች።

«ትክክል» አሉ መምህሩ፤ ደስታው ቀድሟቸው። «ትክክል ነው ልጄ፣ ጎበዝ።»

ያሉትን የሰሙት ካሉት በኋላ ነው። «ቆዪ፣ እኔ እኮ...» አሉ።

እሷ ጠመኔውን ሰሌዳው ጠርዝ ላይ አስቀመጠች። እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ወደ ቦታዋ ተመልሳ ቦርሳዋን ከወንበሩ ላይ አነሳችና፣ ማንንም ሳትሰናበት ወጣች።