እናቷን ያዘለች ሸማኔ

ጎረቤቴ ፑይኮና መቀመጥ የማታውቅ ሸማኔ ነበረች። የድሩን አንዱን ጫፍ ከዛፍ ግንድ አስራ፣ ሌላውን ወገቧ ላይ ጠምጥማ መወርወሪያውን ሁለት ሦስት ጊዜ ትወረውርና ተፈትታ ትነሳለች። የአገሩ ገዥ ጌታችን በታመሙ ሰሞን ደግሞ ጭራሽ ባሰባት።

ምክንያቱን መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ታናሽ እህቷ ሳቹና የጌታችን ጽዋ ያዥ ነበረች። ጌታ ሲሞት ደግሞ ብቻውን አይቀበርም፤ ዘበኛው፣ የጭነት እንስሳው ላማ፣ ጽዋ ያዧም አብረውት መቃብር ይወርዳሉ።

ጌቶቻችን ከሚቀበሩበት የጡብ ጉብታ አናት የዛጎል መለከት በተነፋ ቁጥር ፑይኮና ደጅ ትወጣለች።

«ሞቱ እንዴ?»

«ኧረ ዓሣ አጥማጆቹን እየጠሩ ነው፤ ተቀመጪ!» እላታለሁ።

«አንቺ እህት የለሽ፣ ምን አለብሽ!»

በአራተኛው ቀን ጠዋት ሞቱ። ፑይኮና እንስራ ሙሉ የበቆሎ ጠላ ተሸክማ ቀብሩን ወደሚያሰናዳው ወደ ቻፍሎክ ገሰገሰች። ብቻዋን ልተዋት አልቻልኩም፤ ተከተልኳት።

«ጌታዬ፣ እህቴን ይተዉልኝ» አለችው።

ቻፍሎክ ጠላውን ቀመሰ። «ጠላሽስ ጥሩ ነው። በጌታችን ግራ ግን አንዲት ሴት መተኛት አለባት። ሕጉን እኔ አላወጣሁትም።»

«ማንም ትሁን?»

«ቤቱን ያገለገለች ትሁን እንጂ ማንም ትሁን።»

«በሕይወት ያለች መሆን አለባት?»

ቻፍሎክ ጽዋውን አስቀመጠ። «ምን ልትዪ ነው አንቺ?»

የሁለቱ እህትማማቾች እናት የጌታችን አባት ጽዋ ያዥ ነበረች። ለአባትየው ቀብር ሳትደርስ ቀድማቸው ሞተች፤ ከሞተች ስድስት ዓመት ሆኗታል። ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ፑይኮና ከመንደሩ ጀርባ አሸዋውን በእጇ ትዝቅ ነበር።

«ኧረ ተዪ! እናትሽ እኮ ናት!» አልኳት።

«ብትጠየቅ እሺ ትል ነበር።»

«ማን ጠየቃት?»

መዛቋን ቀጠለች። እናቷ የተጠቀለለችበት ሰሌን ሲነካ ተበጣጠሰ። አጥንቱን አንድ በአንድ ለቅማ፣ ነጠላዋን አውልቃ ቋጠረችውና እንደ ሕፃን አዘለችው። መንገዱን ሁሉ በሩጫ ነበር የሄደችው፤ እኔ ከኋላ ትንፋሼ ተቆረጠ።

ቻፍሎክ ቋጠሮውን ፈትቶ አጥንቱን አገላብጦ አየ። «ትግባ» አለ።

ሳቹና ገላዋን ታጥባ፣ ፊቷን ቀይ ተቀብታ ነበር። እንደማትወርድ ሲነግሯት አልሳቀችም።

«እትዬ፣ እማዬን ከተኛችበት ቀሰቀስሻት?»

«አንቺን ላድን ብዬ ነው።»

«እኔ እኮ አልቅሼ ጨርሼ፣ ቆርጬ ነበር። አሁን ምን ብዬ ልኑር?»

ከሰዓት በኋላ ጌታችን ከነወርቃቸው ወረዱ። አጥንቱን በግራቸው ከመሩት። ዘበኛው የወረደው ግን በሕይወት ነበር፤ በገዛ እግሩ ሲወርድ ሁላችንም አየን። እናቱ ከሰው መሃል ወጥታ ፑይኮና ፊት ቆመች።

«እኔም የምሰጠው አጥንት ቢኖረኝ!» አለቻት።

ፑይኮና ቀና ብላ ልታያት አልቻለችም።

ሳቹና ኋላ አገባች፤ ሁለት ልጆችም ወለደች። እህቷን አንድም ቀን አላመሰገነቻትም፤ ፑይኮናም አልጠበቀችም። በየመከሩ አንድ ጥሩ ጋቢ ሠርታ ከዘበኛው እናት ደጃፍ ታኖርና ዞር ሳትል ትመለሳለች። ሴትዮዋ አንዱንም አልለበሰችም፤ አንዱንም አልመለሰችም።