ሠላሳ አንደኛው ጥቆማ

መጀመሪያ ያየሁት ከጆሯቸው ጀርባ የተሰካ፣ በሁለቱም ጫፉ የተቀረጸ እርሳስ ነው። ጡረተኛው ፖስተኛ ሚስተር ዊልፍ ታትል የመንደራችን ጥበቃ ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። እንግዳ መኪና ካዩ፣ ገርበብ ያለ በር ካገኙ ለፖሊስ ይደውላሉ።

ትናንት በስብሰባው ላይ ጎረቤታቸው ዶሪን የፖሊስን ቁጥር አነበበች።

"በዓመት ሠላሳ አንድ የወንጀል ጥቆማ! ከአውራጃው አንደኛ ወጥተናል። ሠላሳውን የደወልከው ደግሞ አንተ ነህ፣ ዊልፍ! ስማችንን ያጠፋው ሌባ ሳይሆን ያንተ ስልክ ነው። ከሰብሳቢነት ይውረድ የምትሉ!"

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ፤ እጆች ተነሡ።

"ሠላሳ አንደኛውንስ ማን ደወለ?" አሉ ሚስተር ታትል።

ሳቁ ቆመ። ሰው ሁሉ ጎረቤቱን በጎን እያየ እጁን አወረደ። በአንድ ጥያቄ! ገረመኝ።

ስንወጣ "ሰብሳቢነቱ ጸናልዎት" አልኳቸው።

"እስካጣራ ድረስ አንተንም አላምንህም" አሉና እየዞሩ እያዩኝ ዳገቱን ወጡ።