ላብ ስብ ቢሆን ኖሮ

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጨምቆ ምን ይወጣዋል? ተምረናል የምንል ሰዎች በዚህ ጥያቄ ብዙ ወረቀት አበላሽተናል። ጂም በሚሉት ቤት ወለል ስትወለውል አሥራ ዘጠኝ ዓመት የኖረችው ሴት ግን የእሷ ዕድሜ ምን እንደሚወጣው አሳምራ ታውቅ ነበር፤ የሰው ላብ። በየቀኑ ጨምቃ ትደፋዋለች። ሁሉም «እትዬ ባልዲ» ይሏታል፤ ቅር አይላትም።

ደንበኞቹ ሆዳቸው ላይ ፌስታል ጠምጥመው፣ ሹራብ ደርበው፣ መስኮት አዘግተው ይሮጣሉ። ደረቱን የነፋው አሠልጣኝ «ሲንጠባጠብ ላብ፣ ይቀልጣል ስብ» ይላቸዋል። ቤት መታ፣ አለቀ። እኛ ዘንድ ቤት የመታ ነገር ማስረጃ አይጠየቅም።

የእትዬ ባልዲ ሙግት አጭር ነበር። «ስብ ቢሆን ኖሮ ያለ ሳሙና አይለቅልኝም ነበር። ይኼ በውሃ ብቻ ይለቃል።»

ቀልድ ሆኖ በቀረ ደግ ነበር፤ ታናሽ ወንድሟ መጣ እንጂ። አውቶቡስ ነጂ ነው። ሐኪሙ የደም ግፊቱን አይቶ፣ «ይኼ ካልወረደ መሪ አትይዝም። ጨው ቀንስ፣ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት በእግርህ ሂድ» ብሎታል።

«ሃያ ዓመት ሰው የጫንኩት ሰውዬ በእግሬ ልሂድ?» አለና ፌስታሉን ጠመጠመ።

ሲገባ ዘጠና አራት ኪሎ ነበር። ከአንድ ሰዓት ሩጫ በኋላ ዘጠና ሁለት ተኩል ሆነ።

«አየሽ እቴቴ፣ ኪሎ ተኩል በአንድ ሰዓት።»

«አየሁ የኔ ጌታ» ብላ አንድ ሊትር ተኩል ውሃ አቀበለችው። ሲጨርስ ሚዛኑ ላይ መልሳ አቆመችው። ዘጠና አራት።

«ስብህን ጠጣኸው ማለት ነው?»

በዙሪያው የነበሩት ሳቁ። አሠልጣኙ መጥቶ ሚዛኑን አየ፣ ባዶውን ጠርሙስ አየ። «ይኸው» አለ፣ «ውሃ እንደሚያወፍር በዓይናችሁ በብረቱ አያችሁ።» ሳቁ ቆመ፤ ራስ ተነቀነቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሃ ይዞ መግባት ተከለከለ። እውነት ምስክር ቆጥራ ሸንጎ ብትቀርብ፣ ምስክሯ ለባላጋራዋ መሰከረ።

ወንድሟም፣ «ለክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን አልተማርሽማ» አላትና ቤቱም ውስጥ ውሃ መጠጣት ተወ። በሁለተኛው ሳምንት መሮጫው ማሽን ላይ ተዝለፍልፎ ወደቀ። በወለወለችው ወለል ላይ ጭንቅላቱን ደግፋ፣ ከንፈሩን በውሃ ያራሰች እሷው ነበረች። ሐኪሙ «ጥማት ነው» አለ። ግፊቱ ግን ከነበረበት ንቅንቅ አላለም። አሠልጣኙ በበኩሉ «ሁለት ቀን ቀርቶ ነበር፣ ስቡ ተቆጥቶ ነው» ብሎ አስረዳ።

ከዚያ በኋላ ነጂው ተሳፋሪ እንዳያውቀው ባርኔጣውን ዓይኑ ድረስ ደፍቶ በእግሩ መሄድ ጀመረ፤ ጨውም ቀነሰ። በአምስተኛው ወር ግፊቱ ወርዶ መሪው ተመለሰለት። ለሐኪሙም ለእህቱም ምስጋና አላነሳም፤ እግሩን ግን አመሰገነ።

እትዬ ባልዲ የሌላ ሰው ወንድም እንዳይወድቅ ብላ ወደ ጂሙ ባለቤት ቢሮ ገባች። «ጌታዬ፣ በሩ አጠገብ አንድ ጀሪካን የሚጠጣ ውሃ ይቀመጥ። የምሞላው እኔ፣ ብርጭቆውን የማጥበው እኔ።»

«ይታሰብበታል» አላት።

ጡረታ እስክትወጣ ሰባት ዓመት ጠየቀች። ሰባቱንም ዓመት ታሰበበት።