የጋሼ ደምሰው የእህት ልጆች

ከቦሬ የወጣሁት ሲመሽ ነው፤ በጉም ውስጥ፣ ድንች በጫነ አይሱዙ ላይ። ባለቤቴ ዱሬቲ ቆጮ በኮባ ጠቅልላ ሰጠችኝና «ብየዳውን ተማርና ቶሎ ና» አለችኝ። ፊደል የቆጠርኩት ሚስት አግብቼ፣ ልጅ ወልጄ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ለሥልጠና ነገሌ ሲወርድ መንደሩ ይስቃል። ሳቁን ችዬ ወረድኩ።

የነገሌ ሙቀት ሰው ያፈላል፣ ወገኖቼ። ቦሬ በብርድ ልብስ ሥር ስንንቀጠቀጥ የኖርን ሰዎች እዚህ ቆርቆሮ ሥር እንጠበሳለን። የግመል ወተቱን ለመድኩት። ቤቱን ግን አልቻልኩም። ማሰልጠኛው መኝታ ስለሌለው፣ ተማሪ ሁሉ የሰው ጓሮ ይከራያል። እኔም ከሦስት ጎረምሶች ጋር የጡረተኛው መምህር የጋሼ ደምሰው ሰርቪስ ውስጥ ገባሁ። ቀድሞ የፍየል ቤት ነበር፤ ሽታው አልወጣም። ውል የለም። ኪራዩ ሲያሻቸው ይጨምራል። ማብሰል ክልክል፣ እንግዳ ክልክል፣ ልብስ ማጠብ ክልክል።

«ጋሼ፣ መተንፈስስ?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ቀስ ብለህ» አሉኝ፣ ሳይስቁ።

ከዚያ ቀበሌው የተማሪ ቤት ሊቆጣጠር ነው ተባለ። ያለ ውል ማከራየት ቀረ፤ ኪራይም እንዳሻ አይጨመርም። ደስ አለኝ፣ እኔ ሞኙ። ጋሼ አራታችንንም ሰበሰቡን፦ «ከጠየቋችሁ የእህቴ ልጆች ነን በሉ። ያለዚያ ውጡ።» ሥልጠናዬ ሊያልቅ አራት ወር ቀርቶኛል። ሌላ ቤት ከየት ላምጣ? እሺ አልኩ።

የቀበሌዋ ልጅ መዝገቧን ይዛ መጣች። ጋሼ በሩ ላይ ቆመው «የእህቴ ልጆች ናቸው፤ በነፃ ነው ያስጠጋኋቸው» አሏት። እሷ ወደ እኔ ዞራ በኦሮምኛ ሰላም አለችኝ።

«አካም? ናጋ?»

«ናጋ።»

«የማን ልጅ ነዎት? ጎሳዎስ?»

እናንተ ታውቁታላችሁ፤ እኛ ጉጂዎች ጎሳ ስንጠየቅ አፋችን ለብቻው ይሄዳል። ስለ ቤት ልዋሽ እችላለሁ። አባቴን ግን እንዴት ብዬ ልካድ? «የቦሬ ኡራጋ ነኝ» ብዬ ጀመርኩና አባቴን፣ አያቴን፣ ቅድመ አያቴን እያልኩ እስከ ሰባት ቤት ቆጠርኩ። የእናቴንም ወገን አልተውኩም። የጋሼ አባት ደግሞ ከጎጃም የመጡ ናቸው።

ልጅቷ ሳቋን ዋጠች። «ጋሼ፣ ቦሬ የተዳሩት እህትዎ የትኛዋ ናቸው?»

በድሮው ኪራይ ውል እንዲጽፉ አዝዛ ሄደች። ጋሼ አልጻፉም። በማግስቱ «ቤቱን ላድስ ነው፤ ልቀቁ» አሉን። እየሮጥኩ ቀበሌ ሄድኩ።

«ማከራየት ከተዉ ደንቡ አይመለከታቸውም» አለኝ ጸሐፊው።

«እኔንስ አይመለከተኝም?»

«ውል አለዎት?»

ይኸው ነው። ሊጠብቀኝ የወጣው ደንብ ጥሎኝ ወጣ። ቤቱም አልታደሰም፤ ፍየሎቹ ተመልሰው ገብተውበታል። ለፍየል ውል የሚጠይቅ የለም። ከጎረምሶቹ አንዱ ሥልጠናውን ትቶ ወደ ተልተሌ ተመለሰ፤ ሁለቱ ሰላምታ ነስተውኛል። እኔ አንድ ብረት ሠሪ ለምኜ ሱቁ ውስጥ፣ በላሜራ መሃል እተኛለሁ። ደንበኛ ሳይመጣ ተነስቼ ፍራሼን መደበቅ አለብኝ።

ትናንት ዱሬቲ ደወለች፤ የት እንደማድር አታውቅም። ልጃችን ነገሌ ኮሌጅ ደርሷታል፤ የጎረቤቱ እልልታ በስልኩ ይሰማል።

«ለማደሪያዋ አላሰብኩም፣ አባቷ እዚያ እያለ» አለች። «ክፍልህ ለሁለት ይበቃል አይደል?»

«ይበቃል» አልኳት። «መቼ ትነሳለች?»

«ሰኞ።»