ትኩስ ጎማ የላጠው ወለል

ባልዲው መጨስ ሲጀምር ባለቤቴ ጋራዡ ውስጥ ተንበርክኮ ጥግ ጥጉን ይቀባ ነበር። እሳት የለ፣ ክብሪት የለ። ከሱቅ በሳጥን ያመጣውን ሁለት ቆርቆሮ ኢፖክሲ የሚሉትን የወለል ቀለም ቀላቅሎ ባልዲ ውስጥ አስቀመጠው፣ በቃ። ጁላይ ነው፣ ከቀትር በኋላ፣ ተሰደን የምንኖርበት በረሃ ውጭው በፋራናይት መቶ አሥራ ሁለት ዲግሪ። "ኧረ እየጨሰ ነው!" ስለው ዞረና ባልዲውን በርግጫ አለው። በነጠላ ጫማ ነበር። ያ የፈላ ሙጫ ጣቶቹ ላይ ተጣብቆ፣ ሲላቀቅ ከነቆዳው ተላቀቀ። ልጃችን ወደ ቤት የሚያስገባው በር ላይ ቆሞ ነበር።

"አባ፣ ባልዲ ውስጥ አታቆየው፣ በራሱ ይግላል ይላል እኮ፣ ወረቀቱ ላይ አለ" አለው።

እያነከሰ ሄዶ በጥፊ አጮለው።

ልጄ ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። አባቱን በአንድ ራስ ይበልጠዋል። ጉንጩን ይዞ ወደ እኔ መጣና በቀስታ፣ "እማ፣ አንድ ጊዜ ከደገመኝ እመታዋለሁ። ነግሬሻለሁ" አለኝ። ልጄ የማያደርገውን አይናገርም። እኔን ባለቤቴ ሲመታኝ ኖሯል፣ ለምጄው ነበር ማለት ያሳፍራል እንጂ ለምጄው ነበር። ይህንን ግን አልቻልኩትም። የልጄ እጅ አባቱ ላይ የሚያርፍበትን ቀን ሳስብ ሥራ ቦታ፣ የሆቴል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ፣ አንሶላ እንደያዝኩ እደነዝዛለሁ። አባቱ ደግሞ ተመትቶ ዝም የሚል ሰው አይደለም። ጋራዡ ግድግዳ ላይ መጥረቢያ ተሰቅሏል።

መጥረቢያው የቅርጫ ነው። ለፋሲካ ወንዶቹ ከከተማ ውጭ ካለ እርሻ በሬ ያሳርዱና በፒክአፕ ጭነው እኛ ጋራዥ ያመጡታል። ፕላስቲክ ይነጠፋል፣ ግንድ ይቀመጣል፣ ሥጋው መደብ በመደብ ይከፈላል። አጥንት የሚሰብረው ባለቤቴ ነው፤ መጥረቢያውን ሌላ ሰው አይነካበትም። እጁ እስከ ክርኑ ደም ሆኖ ሲስቅ ደስ የሚል ሰው ነው። ፕላስቲኩ በመጥረቢያ ይቀደዳል፣ ደሙና ሞራው ሲሚንቶው ላይ ይወርዳል። ሰው ሲሄድ እኔ የፈላ ውሃ በሳሙና እደፋበትና በመጥረጊያ እፈትገዋለሁ። ስንት ፋሲካ እንዲህ አደረግኩ፣ ጎበዝ ነኝ ብዬ።

ባለቤቴ እግሩ ሲሽርለት ሌላ ሳጥን ገዛና በጠዋት ቀብቶ ጨረሰው። ግራጫ፣ የሚያብለጨልጭ። ሳምንት ሙሉ መኪና አላስገባም፣ እንግዳ ሲመጣ በሩን ከፍቶ ያሳያል። በሳምንቱ ከታክሲ ሺፍቱ ሲመለስ መኪናውን አስገብቶ ፓርክ አደረገ። በማግሥቱ ሲያስወጣው ቀለሙ በአራቱም ጎማ ሥር ከወለሉ ተነስቶ ወጣ፤ ልክ እንደተላጠ ቆዳ። መሃሉም በጣት ሲነካ ይነሳል።

"ልጅሽ ነው" አለ። "ሳይደርቅ መኪናውን አስገብቶበት ነው። ሊያዋርደኝ።"

"ኧረ እሱ ሥራ ነው የዋለው!"

ቀበቶውን ፈትቶ ሶፋው ላይ ተቀመጠ፣ ልጁን ሊጠብቅ። ሽንት ቤት ገብቼ ለልጄ ደወልኩና፣ "ዛሬ ቤት አትምጣ፣ ጓደኛህ ጋ እደር" አልኩት። ሳንሾካሹክ ባለቤቴ የሰማኝ ይመስለኛል፣ ስወጣ በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት። የልጁን ድርሻ እኔ ተቀበልኩ። በሁለተኛው ቀን ሥራ ስገባ ረጅም እጅጌ ለብሼ ነው፣ በዚያ ሙቀት።

ያኔ ነው ይህንን ወለል እኔ እመርጠዋለሁ ያልኩት። የሚጣሉበት ነገር ከመሃል ከወጣ መጣላቱን ይተዋሉ ብዬ። አራተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ያቆመች ሴት እንዲህ ነው የምታስበው። ሰው ጠየቅኩ። አንዷ የሚገጣጠም ፕላስቲክ አንጥፊበት አለችኝ፤ ሌላዋ፣ እንዲሁ ባዶ ሲሚንቶ ይሁን፣ ምን አስጨነቀሽ አለች። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ግን፣ ድሮ በሱዳን አድርገው የመጡ፣ ዕድሜያቸውን በወለል ሥራ የፈጁ አንድ ሽማግሌ አሉ። ነገርኳቸው። ባለቤቴ ሺፍት ላይ እያለ መጡ።

ኩባያ ውሃ ጠየቁኝ። ጣታቸውን እየነከሩ ቀለሙ የለቀቀበትን ሲሚንቶ ረጨት ረጨት አደረጉት። በሩ አጠገብ ውሃው ሰመጠ። መሃሉ ላይ እንደ ዶቃ ድብልብል ብሎ ቀረ።

"እዚህ ምን ትሠራላችሁ?"

"ቅርጫ ነው፣ ጋሼ።"

ሳቁ። "በምን ታጥቢዋለሽ?"

"በፈላ ውሃ።"

ሳቃቸው ቆመ። "ልጄ፣ ሞራውን አቅልጠሽ ለሲሚንቶው አጠጣሽው እኮ። ሲሚንቶ ይጠጣል። ከዚያ በኋላ ወርቅ ብትቀቢው አይዝም።"

"ጎማውስ?"

"ጎማውም አለበት። የዚህ አገር አስፋልት ጎማ ያበስላል። ትኩሱ ጎማ የሳጥን ቀለም ላይ ሲቆም እየቀዘቀዘ ይጨብጠዋል፣ ሲሄድ ይዞት ይሄዳል። ፀሐይዋ ደግሞ በበሩ በኩል የገባችበትን ቢጫ ታደርገዋለች። እዚህ በረሃ የሚያዋጣው ሌላ ነው። አልማዝ በተገጠመለት ማሽን ሞራው እስኪያልቅ ይፋቃል፣ ከዚያ ፖሊዩሪያ የሚሉት ጠንካራ ንጣፍ ይፈስበታል፣ በመጨረሻ ፖሊአስፓርቲክ፣ ፀሐይ የማያበላሸው መሸፈኛ። ጎህ ሲቀድ እንጀምራለን። ከሞቀ እጃችን ላይ ይደርቃል።"

እኔ የሰማሁት ግን አንድ ነገር ብቻ ነው። ባለቤቴ ልጄን በቀበቶ ሊገርፍበት የተቀመጠበትን ጥፋት የሠራሁት እኔ ነኝ።

ለባለቤቴ ይህን ነግሬው ቢሆን ኖሮ። ፈራሁ። ስለ ሽማግሌው ብቻ ሳነሳበት፣ "የኔን ሥራ ሌላ ሰው ሊያርመው? በሬሳዬ ላይ!" አለ። ስለዚህ ደብቄ አስጀመርኩት። የሌሊት ሺፍቱ እስከ ረፋድ ነው፣ እስከዚያ ያልቃል አልኩ። ልጄ እረዳቸዋለሁ ብሎ ከሥራ ቀረ።

ማሽኑ ሲነሳ ቤቱ ተንቀጠቀጠ። ጥርስ ውስጥ የሚገባ ጩኸት ነው። የቅርጫውን ግንድ፣ ፍሪዘሩን፣ መጥረቢያውን ሁሉ ጋራዡ ፊት፣ ድራይቭዌይ ላይ አውጥተናል። ሞራው ያለበት ቦታ ሲፋቅ የከረመ ሥጋ ሸተተ። ፀሐይ ወጥታ ማጋል ስትጀምር የመጀመሪያው ንጣፍ ፈስሶ ነበር፣ ጥቁር፣ እርጥብ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ። ልጄ መሃሉ ላይ ሮለር ይገፋል። እርጥቡ ላይ የሚሄድ ሰው ጫማው ሥር ሚስማር የተተከለበት ብረት ያስራል፣ ወለሉን እንዳያበላሽ። ሚስማሩ ጣት ያህላል።

መኪናውን ሰማሁት። ሁለት ሰዓት ቀድሞ መጣ።

የመኪናውን በር እንኳ አልዘጋም። ግንዱን አየ፣ ሽማግሌውን አየ፣ ልጁን አየ።

"ማን ፈቀደልህ? አንተ ውርጋጥ፣ ማን ቤት ነው ያለኸው?"

"አባ፣ አትግባ። እርጥብ ነው።"

"አትግባ? በገዛ ቤቴ?" መጥረቢያውን ከመሬት አነሳ።

"ተው ልጄ፣ ነውር ነው! ደግሞ እርጥብ ነው!" አሉ ሽማግሌው። እኔ ከውስጠኛው በር፣ "እኔ ነኝ! ሞራውን ያጠጣሁት እኔ ነኝ!" እላለሁ፤ ማን ይሰማኛል።

ሦስት እርምጃ ገባ። አራተኛው ላይ ሁለቱም እግሮቹ ከፊቱ ወጡና በጀርባው ወደቀ። ራሱ ሲሚንቶውን ሲመታ የሰማሁትን ድምፅ ቅርጫ ላይ አውቀዋለሁ። መጥረቢያው ከእጁ አምልጦ አጠገቡ ወደቀ። ሊነሳ ሲል መዳፉ ይንሸራተታል፣ ፊቱ በቀለሙ ጥቁር ሆነ። ልጄ ሮለሩን ጣለና ወደ እሱ ሄደ። አልሮጠም። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ የሚስማሩ ድምፅ ብቻ። አናቱ ላይ ቆመና እግሩን አነሳ።

ስሙን ጠራሁት፣ ወይ የጠራሁ መሰለኝ።

እግሩ ወርዶ መጥረቢያው ላይ አረፈ። ከዚያ ጎንበስ አለና አባቱን ብብቱ ሥር ገብቶ አነሳው። አባቱ በዚያ ሙጫ በሆነ እጁ አፉን መታው፣ ደግሞ መታው። ከንፈሩ ተተረተረ። ልጄ ደሙን እየዋጠ አልለቀቀውም። እየጎተተ ድራይቭዌይ ላይ አስቀመጠውና ተመለሰ። ሽማግሌው የምግብ ዘይት በጨርቅ ይዘው ባለቤቴን ይጠርጉት ጀመር፣ ዓይኑ እንዳይጠፋ።

ልጄ እኔ ጋ ደርሶ ጎንበስ ብሎ የሚስማሩን ማሰሪያ ያጠብቃል። "ይደርቃል፣ ቶሎ እጨርሰዋለሁ" ይላል። እጁ ይንቀጠቀጣል። ያን መንቀጥቀጥ አውቀዋለሁ፣ ባለቤቴ ሊመታኝ ሲል እጁ እንደዚያ ነው የሚሆነው።

"ሂድ" አልኩት።

"የት?"

"ከዚህ ቤት ውጣ። ዛሬ። አሁን።"

ቀና ብሎ አየኝ፣ አገጩ ሁሉ ደም። "እማ፣ እኔን ነው የምታባርሪው? እኔን?"

ምክንያቱን ብነግረው፣ አንቺን ለእሱ ትቼ አልሄድም ብሎ ይቀር ነበር። ስለዚህ፣ "አዎ፣ አንተን" አልኩት። ልብሱን እኔው በቦርሳ ከትቼ በፊት ለፊት በር አወጣሁት።

ወለሉን ሽማግሌው ብቻቸውን አስተካክለው ጨረሱት። ሁለት በጋ አለፈበት፤ ትኩስ ጎማ ቆሞበት ይሄዳል፣ ምንም አይነሳም። በረሃ ለሚኖር ሰው ምረጪ ብባል እሱን ነው የምለው። ባለቤቴ ስለዚያ ቀን ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ልጄ ዊንቸስተር የሚባል ሰፈር አፓርታማ ተከራየ። እኔን ለረጅም ጊዜ አላናገረኝም።

ባለፈው እሑድ ደወለ። "እማ፣ ያን ቀን እግሬን ያነሳሁት መጥረቢያው ላይ ላሳርፈው አልነበረም" አለኝ።

"አውቃለሁ" አልኩት።

"ስታባርሪኝ ታውቂ ነበር?"

"አዎ።"

ሲተነፍስ እሰማዋለሁ።

"ምሳ በልተሃል?" አልኩት።

"ገና ነኝ" አለ። "አምጪልኝ።"