የተጣበቀው የፈረስ መድኃኒት መጽሐፍ

ደብረ ታቦር የእንስሳት ሐኪም ሆኜ በተመደብኩ በመጀመሪያው ዓመት፣ ጉና ተራራ ሥር የሚኖሩ አንድ አዛውንት ፈረሳቸውን እንዳክምላቸው አስጠሩኝ። ገና ከጋጣው በር ላይ ግማቱ ተቀበለኝ። የፈረሱ ጀርባ በኮርቻ ተልጦ ቆስሏል። ቁስሉ ላይ የተደፋው አመድና የከረመ ቅቤ ከመግሉ ጋር ተቦክቶ ትል ይርመሰመስበታል።

«ምን አደረጉበት አባቴ?» አልኳቸው።

«መጽሐፉ ያለውን ነዋ!» አሉና ከአባታቸው የወረሱትን፣ ድሮ የታተመ የፈረስ ሕክምና መጽሐፍ አመጡ። ቁስሉን የነካ ጣታቸውን በምራቅ እያራሱ ገጹን ገለጡልኝ። ወረቀቱ ቅባት ጠጥቶ ጠቁሯል፤ በየመስመሩ መሃል የፈረስ ጸጉር ደርቆ ተለጥፏል። ጓንት አድርጌም እንኳ መንካቱ ቀፈፈኝ።

አመድና ቅቤ የሚለው እውነትም ተጽፏል። ከእሱ በፊት ያሉት ሁለት ገጾች ግን በደረቀ መግል ተጣብቀዋል። ትንፋሼን ይዤ በቢላ ለየኋቸውና ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። መጽሐፉ አስቀድሞ ትሉ ሁሉ እንዲለቀም፣ ቁስሉም ፈልቶ በበረደ የጨው ውኃ እንዲታጠብ ያዝዛል።

«አመድና ቅቤ ብቻ እያደረግሁ ሁለት ፈረስ ቀብሬያለሁ» አሉ አዛውንቱ።

ትሉን አንድ በአንድ ስለቅምና ቁስሉን በጨው ውኃ ሳጥብ የፈረሱን አንገት አቅፈው ያዙልኝ። ከዚያ ምሳ ብሉ ብለው ቢለምኑኝም እህል በአፌ አልዞር አለኝ። ልብሴን ሁለት ጊዜ አጥቤ እንኳ ሽታው ከአፍንጫዬ አልወጣም።

ፈረሱ ከወር በኋላ ዳነ።